የልብ ጽሕፈትና በሰውነት የሚቋጠር ውሃ ፤ ስለ ጋይንት፣ ስለ ስማዳና ስለ እስቴ ሕሙማን የተደረገ የታሪክ ጥናት

በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ አገር እግሩ ያበጠ፣ ፊቱ የተነፋና ሆዱ የተወጠረ ሰው «ውሃ ቋጠረ» ይባላል። ይህ አነጋገር በዓይን የታየውን ነገር መግለጫ ነው እንጂ የበሽታው ስም አይደለም። የውሃው መነሻ ልብ ይሁን ኩላሊት፣ ጉበት ይሁን ራብ፣ አነጋገሩ አይለይም። በዚህ ጽሑፍ ለመመርመር የተፈለገው፣ የልብን ኤሌክትሪክ በወረቀት ላይ የሚጽፈው ኤሌክትሮካርዲዮግራፍ የተባለው መሣሪያ ውሃ በቋጠረ ሰው ላይ በተደረገ ጊዜ የሚጽፈው ምን እንደ ሆነና፣ ሐኪሞችም ይህን ነገር እንዴት እየተረዱት እንደ መጡ ነው። ጉዳዩ የሕክምና ተማሪዎች ብቻ መስሎ ይታይ ይሆናል። ዳሩ ግን የታሪክ ተማሪ አንድ ሰነድ በእጁ በገባ ጊዜ በመጀመሪያ የሚጠይቀው «ይህን የጻፈው ማን ነው? በምንስ ሁኔታ ተጻፈ?» ብሎ ነው። የልብ ጽሕፈትም ሰነድ ነውና ይኸው ጥያቄ ይገባዋል።

(የውጭ አገር ነገር ሲነሣ ዓመቱ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው፤ የአገራችን ነገር ሲነሣ ግን «ዓ. ም.» የሚል ተጨምሮበት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ተጽፏል።)

ወደዚህ ጥናት የመራኝን ምክንያት አልደብቅም። አክስቴ፣ እኛ ልጆች እትዬ እያልን የምንጠራቸው፣ የስማዳ ሰው ናቸው። ከጥቂት ዓመታት በፊት እግራቸው አበጠ፤ ቀጥሎም ሆዳቸው ተነፋ፣ ትንፋሻቸውም አጠረ። ጠበል ገቡ፤ አልተሻላቸውም። ወንድሞቻቸው እስከ መኪናው መንገድ በቃሬዛ ተሸክመው ወደ አንድ የሕክምና ቤት ወሰዷቸው። በዚያም የልብ ጽሕፈት ተነሣላቸው። ወረቀቱን ያነበበው ባለሙያ ለታላቅ ወንድማቸው «የልባቸው ኤሌክትሪክ በጣም ዝቅ ያለ ነው» ብሎ ነገራቸው። የተናገረው ቃል ሐሰት አልነበረም። አጎቴ ግን የሰሙት «የእኅትህ ልብ አልቋል» የሚል ሆኖ ነው። ስለዚህም ሌላ ነገር ሳይጠይቁ፣ በወገናቸው መካከል ይሙቱ ብለው ወደ ቤታቸው መለሷቸው። የንስሐ አባታቸው ተጠሩ፤ ለተዝካር የሚሆን እህልም ለብቻው ተለይቶ ተቀመጠ።

ስለ አገሩ ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። ይህ ከደብረ ታቦር በስተምሥራቅና በስተደቡብ ያለው አገር ከጉና ተራራ ግርጌ ጀምሮ እስከ ዓባይና እስከ በሽሎ ቈላ ድረስ የሚወርድ ነው። ጉና ከ4000 ሜትር በላይ ከፍታ አለው፤ ከዚያ ተነሥቶ በጥቂት ቀን መንገድ ከብርድ ወደ በረሃ ይደረሳል። ነፋስ መውጫ በላይ ጋይንት፣ ዐርብ ገበያ በታች ጋይንት፣ ወገዳ በስማዳ፣ መካነ ኢየሱስ በእስቴ ያሉ ከተሞች ናቸው። ቻይናውያን የሠሩት የወረታና የወልድያ ጎዳና በደብረ ታቦርና በነፋስ መውጫ በኩል ያልፋል፤ ከጎዳናው ርቆ የሚኖር ሰው ግን ሐኪም ለማግኘት ገደል መውጣትና መውረድ አለበት። በሊቃውንት ዘንድ ጋይንት ስሙ የሚነሣው በቤተ ልሔም የድጓ ትምህርት ነው። በመንግሥት መዝገብ ደግሞ ጋይንትና ስማዳ የእህል እጥረት የሚደጋገምባቸው ተብለው በ1997 ዓ. ም. በተጀመረው የሴፍቲኔት ፕሮግራም ውስጥ ገብተዋል። ራብ ከልብ ጽሕፈት ጋር ያለው ግንኙነት ወደ በኋላ ይታያል።

በኤውሮጳም ቢሆን ውሃ መቋጠር ለብዙ ዘመን ራሱን የቻለ በሽታ ሆኖ ይቆጠር ነበር። ዊልያም ዊዘሪንግ የተባለው እንግሊዛዊ ሐኪም በ1785 ዲጂታሊስ ስለሚባለው ቅጠል መጽሐፍ አሳተመ። ቅጠሉ ያበጡ ሰዎችን ውሃ በሽንት እንደሚያወጣ የተረዳው፣ አንዲት ባልቴት በምሥጢር ይዘውት ከነበረ የቤተሰብ መድኃኒት ነው። የዛሬው ሐኪም ዲጂታሊስን የልብ መድኃኒት ይለዋል፤ ዊዘሪንግ ግን በመጀመሪያ የሰጠው ለእብጠት ነበር። በ1827 ደግሞ ሪቻርድ ብራይት ከእብጠቱ አንዱ ክፍል ከኩላሊት የሚመጣ መሆኑን ገለጠ። ከዚያ ወዲህ እብጠት በሽታ መሆኑ ቀርቶ የበሽታ ምልክት ሆነ። የእኛም አገር ከዚህ ታሪክ ፈጽሞ የራቀ አይደለም፤ ምረንዝ የምንለው ዛፍ ወገን በአፍሪካ ለፍላጻ መርዝ ሲያገለግል የኖረ ሲሆን፣ አርኖ የሚባል ፈረንሳዊ ኬሚስት በ1888 ከዚያው ወገን ኡዋባይን የተባለውን ነገር ለይቶ አወጣ። ኡዋባይን የዲጂታሊስ ዘመድ ነው፤ መጠኑ ጥቂት ያለፈ እንደ ሆነ ልብን ያቆማል።

አሁን ወደ መሣሪያው እንመለስ። ሰውነት ሳይከፈት የሰውን ልብ ኤሌክትሪክ ከውጭ ለመጀመሪያ ጊዜ የመዘገበው አውግስጦስ ዎለር ነው፤ ይህም በ1887 በሎንዶን በሴንት ሜሪ ሐኪም ቤት ሆነ። ዎለር ጂሚ የሚባል ውሻ ነበረው። ውሻው እግሮቹን በጨው ውሃ ማሰሮ ውስጥ ነክሮ ጸጥ ብሎ ይቆም ነበር፤ ዎለርም በሊቃውንት ፊት የልቡን ኤሌክትሪክ ያሳይ ነበር። በ1909 በሮያል ሶሳይቲ ባሳየ ጊዜ «ውሻው ተበደለ» የሚል ክርክር እስከ ፓርላማ ደረሰ።

ዎለር የተጠቀመበት መለኪያ ግን ዝግተኛ ስለ ነበረ፣ ሥራውን ፍጹም ያደረገው በሆላንድ አገር የሌይደን ፕሮፌሰር ቪለም አይንትሆቨን ነው። በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የሠራው መሣሪያ በብርቱ ማግኔት መካከል የተዘረጋ፣ ብር የተቀባ እጅግ ቀጭን የኳርትዝ ክር ነበረው። ኤሌክትሪክ በክሩ ሲያልፍ ክሩ ይወዛወዛል፤ ጥላውም በፎቶግራፍ ይቀረጻል። መሣሪያው ወደ 270 ኪሎ የሚመዝን ሆኖ አምስት ሰዎች ያስፈልጉት ነበር። ወደ ሐኪም ቤት ሊወሰድ ስለማይቻል፣ አይንትሆቨን በ1905 በ1.5 ኪሎሜትር ርቀት ካለው ሐኪም ቤት የሕሙማኑን የልብ ኤሌክትሪክ በስልክ ሽቦ ወደ ላቦራቶሪው አስመጣ። (ዛሬ ከወረዳ ሐኪም ቤት የልብ ጽሕፈት በስልክ ፎቶግራፍ አንሥቶ ለሩቅ ሐኪም የሚልክ ባለሙያ አዲስ ነገር የሠራ ይመስለው ይሆናል!) ዛሬም የምንጠቀምባቸውን የሞገዶቹን ስሞች ያወጣ እርሱ ነው። በ1924 የኖቤል ሽልማት ተሰጠው።

አይንትሆቨን ሕሙሙን በወንበር አስቀምጦ ሁለት እጆቹንና አንድ እግሩን የጨው ውሃ በሞላባቸው ዕቃዎች ውስጥ ያስነክረው ነበር። ደረቅ ቆዳ ኤሌክትሪክን ይከለክላል፤ ጨው ያለበት ውሃ ግን በቀላሉ ያሳልፋልና። የልብ ጽሕፈት የተወለደው እንግዲህ በጨው ውሃ ምክንያት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። እዚህ ላይ አንባቢ ልብ እንዲልልኝ የምሻው፣ ባበጠ ሰው ሥጋ ውስጥ የሚቋጠረውም ውሃ ይኸው የጨው ውሃ መሆኑን ነው። ሐኪሞች በደም ሥር የሚሰጡት የጨው ውሃ በአንድ ሊትር 9 ግራም ጨው አለበት፤ የእብጠቱም ውሃ ጨው ከዚህ ብዙ አይርቅም። ከሰውነት ውጭ ሆኖ የልብን ድምፅ ወደ መሣሪያው ያደረሰው ያው ውሃ፣ በሰውነት ውስጥ በልብና በቆዳ መካከል በተከማቸ ጊዜ ድምፁን ያፍናል።

ነገሩን በመስኖ ምሳሌ ማስረዳት ይቻላል። ከምንጭ የወጣው ውሃ በጠበቀ ቦይ ቢሄድ እርሻው ዘንድ ሳይጎድል ይደርሳል። ቦዩ ግራና ቀኝ ቢሸነቆር ግን ምንጩ ሳይቀንስ ለእርሻው የሚደርሰው ጥቂት ይሆናል። የልብም ኤሌክትሪክ እንዲሁ ነው። በቆዳ ላይ የሚለካው ቮልት በመንገዱ ላይ ባለው ተቃውሞ መጠን ስለሚወሰን፣ የጨው ውሃ ተቃውሞውን ባሳነሰ ቁጥር የሚለካውም ቮልት ያንሳል። ልቡ ሳይደክም ጽሕፈቱ ይደክማል ማለት ነው።

ለሕክምና ተማሪ ያልሆነ አንባቢ ልኩን ልግለጽ። በተለመደው አደራረግ በወረቀቱ ላይ 10 ሚሊሜትር ቁመት አንድ ሚሊቮልት ነው። ከእጅና ከእግር በሚወሰደው ጽሕፈት ሁሉ ትልቁ ሞገድ ከ5 ሚሊሜትር ያነሰ፣ ከደረት በሚወሰደውም ከ10 ሚሊሜትር ያነሰ ሲሆን «ዝቅተኛ ቮልቴጅ» ይባላል። ይህ አንድ ቃል ግን ብዙ ትርጉም አለው። በልብ ዙሪያ ባለው ከረጢት ውሃ ሲሞላ፣ በሳምባ ሽፋን ውስጥ ውሃ ሲጠራቀም፣ መላው ሰውነት ሲያብጥ፣ ሳምባ በአየር ከመጠን በላይ ሲነፋ፣ ሰውየው እጅግ ሲወፍር፣ የእንቅርት ዕጢ ሥራው ሲዳከም፣ እንደዚሁም የልብ ጡንቻ ራሱ ሲጎዳ ሞገዱ ያጥራል። ከእነዚህ ሁሉ መካከል «ልቡ ደከመ» ለማለት የሚያደርሰው የመጨረሻው ብቻ ነው።

እብጠትና አጭር ሞገድ አብረው እንደሚታዩ ያስተዋሉ ሐኪሞች ከቀድሞም ነበሩ። በ1956 ብሮዲ የተባለ አሜሪካዊ በሒሳብ እንዳሳየው፣ በልብ ክፍሎች ውስጥ ያለው ደም ሲበዛ አንዳንዱን የልብ ኤሌክትሪክ ከፍ ያደርገዋል። እንግዲህ በልብ ውስጥ ያለው ፈሳሽና ከልብ ውጭ ያለው ፈሳሽ ሥራቸው የተቃረነ ነው፤ ይህ ለማመን ያስቸግር ይሆናል፣ ግን እንደዚሁ ነው። መላ ሰውነታቸው ያበጠባቸውን ሕሙማን አንድ በአንድ እየመዘኑና የልብ ጽሕፈታቸውን እየለኩ የተከታተሉት ግን በኒው ዮርክ ማዲያስ የተባሉት ሐኪምና ጓደኞቻቸው ናቸው፤ ጥናታቸውም በ2001 ታተመ። ሕሙሙ በውሃው ምክንያት ክብደቱ በጨመረ መጠን ሞገዱ ያጥራል፤ ውሃው ሲወጣለት ደግሞ ሞገዱ ይመለሳል። የእብጠቱ መነሻ ምንም ይሁን ምን ነገሩ አንድ ነው። እኔን ያስደነቀኝ ይህ የሆነበት ዘመን ነው፤ አይንትሆቨን ክሩን ከዘረጋ መቶ ዓመት ገደማ አልፎ ነበርና። ምናልባት መሣሪያው ስለ ልብ ብቻ የሚናገር መስሎ ስለ ታየ፣ በመካከል ያለውን ሥጋና ውሃ መጠየቅ ያሰበ ጥቂት ይሆናል።

ከዚህ የሚመጣው ስሕተት በአንድ ወገን ብቻ አይደለም። የደም ግፊት ያለበት ሰው የልቡ ጡንቻ ሲወፍር ሞገዱ ይረዝማል፤ ይህ ሰው ቢያብጥ ግን የረዘመው ሞገድ አጥሮ የጤነኛ ሰው ጽሕፈት ሊመስል ይችላል። እንግዲህ ውሃው ጤነኛውን ልብ ደካማ እንደሚያስመስል ሁሉ የታመመውንም ጤነኛ ያስመስላል። ኩላሊቱ ሥራ ያቆመ ሰው ደሙ በመሣሪያ በሚታጠብበት ቀን፣ ጧት የተነሣውና ከሰዓት በኋላ የተነሣው ጽሕፈት ሊለያዩ ይችላሉ። በአንድ ቀን ልብ አይወፍርም፤ የሄደው ውሃው ነው።

ስለ ራብ የሚነገረው ከዚህ የበለጠ ውስብስብ ነው። ለእኛም አገር የሚቀርበው ይህ ነውና ጥቂት ልቆይበት። በ1942 በዋርሶ ጌቶ ተከበው ይራቡ የነበሩ አይሁድ ሐኪሞች፣ እነርሱም እየተራቡ፣ የራብን በሽታ መርምረው ጻፉ። ከጸሐፊዎቹ አብዛኞቹ ተገደሉ፤ ጽሑፉ ግን ተርፎ ከጦርነቱ በኋላ ታተመ። በ1944 መጨረሻ ደግሞ በአሜሪካ በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ አንሰል ኪስ የተባሉት ሊቅ በፈቃዳቸው የቀረቡ 36 ወጣቶችን ሰብስበው ምርምር ጀመሩ፤ ወጣቶቹም ለ24 ሳምንት ምግባቸው እንዲቀነስ ተደረገ። ወጣቶቹ ከክብደታቸው ሩቡን ያህል አጡ፤ የልባቸው ምት እጅግ ዘገየ፤ እግራቸው አበጠ፤ የልብ ጽሕፈታቸውም ሞገድ አጠረ። የጥናቱ ውጤት በ1950 በሁለት ትልልቅ ክፍሎች ታተመ።

እዚህ ላይ ሁለት ምክንያት ተደርቧል። የተራበ ሰው የልቡ ጡንቻ ራሱ እንደ ሌላው ሥጋው ይከሳል፤ ስለዚህ ሞገዱ ቢያጥር እውነትም ልቡ አንሷል። በሌላ በኩል ያበጠው ሥጋው ያንኑ ትንሽ ሞገድ እንደ ገና ያፍነዋል። ወረቀቱ ድምሩን ብቻ ያሳያል፤ ከዚህ ውስጥ ይህን ያህሉ የልብ ነው፣ ይህን ያህሉ የውሃ ነው አይልም። ለተራበ ሰው ይህ የንባብ ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የሕይወት ጉዳይ ነው። የከሳ ልብ በድንገት ብዙ ምግብ፣ ብዙ ጨውና ብዙ ፈሳሽ ሲጫንበት ሊሸከመው ስለማይችል፣ ከራብ የተረፈው በመጀመሪያዎቹ የመብል ቀናት ይሞታል። ዛሬ እጅግ ለተጎዱ ሕፃናት በመጀመሪያ የሚሰጠው ልዩ ወተት ጨው ያነሰበትና በጥቂት በጥቂቱ የሚሰጥ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ከ1880 እስከ 1884 ዓ. ም. በነበረው ክፉ ቀን የሰዎቹን እብጠት የለካ የለም፤ አይንትሆቨንም ገና መሣሪያውን አልሠራም። በ1977 ዓ. ም. በነበረው ራብ ጊዜ ግን መሣሪያው በዓለም ላይ የተለመደ ነበር። የጋይንት ጎረቤት በሆነው በእብናት ብዙ ሺህ ተረጂዎች የተጠለሉበት ሰፈር ነበር፤ በዚያው ዓመት በሚያዝያ ወር ሰፈሩ በባለሥልጣኖች ትእዛዝ ፈርሶ ሰዎቹ ተበተኑ። ከእነዚያ መካከል እግሩ እንዳበጠ መንገድ የጀመረው ስንቱ እንደ ነበረ የሚመሰክር የልብ ጽሕፈት አንፈልግ፤ የምግብ መስፈሪያ እንኳ ያልበቃበት ጊዜ ነው። ነገር ግን የራብ ታሪክ የሚጽፍ ሰው የሞተውን ሲቆጥር፣ በእህል እጦት የሞተውንና እህል ካገኘ በኋላ ልቡ የከዳውን ለይቶ ማሰብ ይገባው ይመስለኛል።

በዚህ አገር ለእብጠት የቆየው መመርመሪያ ጣት ነው። በ1947 ዓ. ም. የተቋቋመው የጎንደር የጤና ጥበቃ ኮሌጅ ለገጠሩ የሚሆኑ ጤና መኮንኖችን፣ የኅብረተሰብ ነርሶችንና ሳኒቴሪያኖችን አሠለጠነ። ጤና መኮንን እግርን በአውራ ጣቱ ተጭኖ የቀረውን ጉድጓድ ያያል፤ የአንገትን ሥር ይመለከታል፤ በማዳመጫ ይሰማል። ዛሬም የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ የልጁን ሁለት እግሮች ለ3 ሴኮንድ ያህል ተጭና ጉድጓዱ ከቀረ ወደ ሕክምና ትልከዋለች። የሀገር ሽማግሌዎችም ቢሆኑ ይህን ያውቁታል። መሣሪያው ከመጣ ወዲህ ጣት የተናቀ እንደ ሆነ ትልቅ ጉዳት ነው፤ ጽሕፈቱን በትክክል ለማንበብ የሚያስችለው ጣቱ ነውና።

በወረቀቱ ጫፍ ላይ የሕሙሙ ስምና ቀኑ ይጻፋል። በዚያው ቀን የነበረው ክብደትና የእብጠቱ መጠን ግን ብዙ ጊዜ አይጻፍም። የታሪክ ሰው ሆኜ ሳየው፣ ይህ በማን ዘመን እንደ ተጻፈ የማይናገር ደብዳቤ ይመስለኛል። ሚዛን ከልብ መሣሪያ ይልቅ ርካሽ ነው፤ በየጤና ጣቢያውም ይገኛል። ጽሕፈቱ በተነሣ ቁጥር ክብደቱ አብሮ ቢጻፍ፣ ቀጥሎ የሚያነበው ሐኪም ያጠረው ሞገድ የልብ ይሁን የውሃ ለመለየት አንድ ምስክር ያገኛል።

እትዬ አልሞቱም። ለፋሲካ ወደ አገር የመጣች የአጎቴ ልጅ፣ የነርስ ተማሪ የሆነች፣ እግራቸውን በጣቷ ተጫነች፤ ተቀምጠው ሳለ የአንገታቸው ሥር ተወጥሮ መታየቱንም አስተዋለች። አባቷን ለምና፣ ለምና ሲያቅታትም አልቅሳ፣ ወደ ሌላ ሐኪም ቤት እንዲወሰዱ አደረገች። በዚያ በአልትራሳውንድ ሲታዩ በልባቸው ዙሪያ ያለው ከረጢት ውሃ ሞልቶበት ነበር፤ የልባቸው ጡንቻ ግን በደንብ ይሠራል። መነሻው የሳምባ ነቀርሳ ተሐዋሲ ነበር። ውሃው በመርፌ ተቀዳ፤ ለ6 ወር መድኃኒት ዋጡ። ሁለቱ ጽሕፈቶች ዛሬ በአጎቴ ቤት በአንድ ላይ ታጥፈው ይገኛሉ። የመጀመሪያው የጉንዳን መንገድ ይመስላል፤ ሕክምናው ካለቀ በኋላ የተነሣው ግን ሞገዱ ተነሥቶ ማንም ሰው በጣቱ ሊቆጥረው ይችላል። ለተዝካር ተለይቶ የነበረው እህል በዚያው ክረምት ለዘር ሆነ።